ሁሉም ዕቃ ምልክት አለው፤ ሚዛኑ ግን ይዋሻል

ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የሩዝ ማሸጊያ አለ። የፎገራ ሩዝ ተፈልፍሎና ተበጥሮ በ50 ኪሎ ጆንያ የሚታሸግበት ቤት ነው። ባለቤቱ የጠሩኝ በሚዛኑ ምክንያት ነበር። "ኢንጂነር፣ ይሄ ሚዛን አብዷል" አሉኝ፣ ገና ከበሩ ሳልገባ።

ሚዛኑ ላይ አንድ ሙሉ ጆንያ ተቀምጧል። ማንም አይነካውም። ቁጥሩ 50.0 ይላል። ኦፕሬተሩ ማጓጓዣውን ሲያስነሳው ቁጥሩ ወዲያው 50.4 ሆነ። ከዚያ 49.7፣ ከዚያ 51.1፣ እንደገና 49.9። ጆንያው ንቅንቅ አላለም። ማጓጓዣው ሲቆም ቁጥሩም 50.0 ላይ ተመልሶ ተረጋጋ። ልጁ የራሱን መላ ፈጥሯል፦ ሊመዝን ሲል ማጓጓዣውን ያቆማል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ መልሶ ያስነሳል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ይውላል።

"ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ቀየርነው" አሉ ባለቤቱ። "ርካሽ ዕቃ ደግሞ አልገዛሁም። ሁሉም ሲኢ አለው።" እውነታቸውን ነው። ፓኔሉን ከፍቼ አየሁት። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ድራይቭ ከቱርክ፣ ማሽኑን በፕሮግራም የሚመራው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ከቻይና፣ ፓወር ሰፕላዩ ከጀርመን የመጡ ናቸው። ሁሉም ላይ የአውሮፓ ገበያ ምልክት የሆኑት ሁለቱ የሲኢ ፊደላት ታትመዋል። የሚዛኑ ማሳያም ላይ አለ።

ዛሬ በባሕር ዳር ዙሪያ ማሽን የሚያቆም ሰው ብዙ ጊዜ ያለቀለት ማሽን አይገዛም። ድራይቩን ከአንዱ፣ ሰንሰሩን ከሌላው፣ ሞተሩን ከሦስተኛው ገዝቶ እዚሁ ያስገጣጥማል። ከፖሊ ቴክኒክ የወጡ ልጆች ፓኔሉን ይሠሩለታል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ወጪ ይቆጥባል፣ እውቀትም እዚህ ይቀራል። ግን "እያንዳንዱ ዕቃ ደህና ከሆነ ድምሩስ ደህና ነው ወይ?" የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ኤሌክትሮማግኔቲክ ተስማሚነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ስልክ ሊጠራ ሲል አጠገቡ ያለ ድምፅ ማጉያ "ድድድ፣ ድድድ" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። በተለይ በ2ጂ ኔትወርክ ጊዜ የተለመደ ነበር። ስልኩ ከማማው ጋር ሲነጋገር ሬዲዮውን በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ያበራል፣ ያጠፋል። ድምፅ ማጉያው ይህን እንዲቀበል አልተሠራም። ሽቦው ግን ሳይፈልግ አንቴና ይሆናል፣ የሰማውንም ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ስልኩ አልተበላሸም። ማጉያውም አልተበላሸም። ችግሩ ያለው በመካከላቸው ነው።

ኤሌክትሮማግኔቲክ ተስማሚነት፣ ባጭሩ ኢኤምሲ፣ የሚባለው ይህ የመካከሉ ጉዳይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጎረቤቱን ሳይረብሽ፣ በጎረቤቱም ሳይረበሽ ሥራውን መሥራት መቻሉ ነው።

ስለዚህ ሁለት ጎን አለው። አንደኛው ዕቃው ወደ ውጭ የሚለቀው ረብሻ ነው። ልቀት እንበለው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣበትን ረብሻ የመሸከም አቅሙ ነው። መቋቋም እንበለው። የሠርግ ድንኳን አስቡ። ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ስታወሩ ድምፃችሁ ልክ ሊኖረው ይገባል፣ አለዚያ ሌላውን ትረብሻላችሁ። ደግሞ ከበሮው እየተመታም ቢሆን የተነገራችሁን መስማት መቻል አለባችሁ። ሁሉም ሰው ዝግ ብሎ ቢያወራ እንኳን መስማት የተሳነው አይጠቀምም። ሁሉም ጆሮው ንቁ ቢሆን እንኳን አንዱ ማይክ ይዞ ከጮኸ ወሬው ይቋረጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሬዲዮ በየቤቱ መግባት ሲጀምር የሞተር ብልጭታ ዜናውን ያንጫጫው ነበር። ይህን ረብሻ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ ሲስፐር፣ እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው። እስከ ዛሬም የልቀት ወሰኖችን የሚያወጣው እሱ ነው። በሽቦ የሚወጣውን ረብሻ በአብዛኛው ከ150 ኪሎኸርትዝ እስከ 30 ሜጋኸርትዝ ይለካል። ከ30 ሜጋኸርትዝ በላይ ያለውን ደግሞ በአየር ላይ በአንቴና ይለካል።

በፋብሪካ ውስጥ ረብሻውን የሚፈጥረው ማን ነው?

ብዙ ናቸው። ኮንታክተር የሚባለው የሞተር ማብሪያና ማጥፊያ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የብየዳ ማሽን፣ በክረምት ከጣና በላይ የሚያስተጋባው መብረቅ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚገባው ድንገተኛ ቮልቴጅ፤ እነዚህ ሁሉ አሉ። የዘመኑ ዋና ረባሽ ግን ድራይቩ ነው። ብዙዎቻችን ኢንቨርተር የምንለው ማለት ነው።

ድራይቭ የሞተርን ፍጥነት የሚቀያይረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚገባውን 380 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል። ያ ወደ 540 ቮልት ይደርሳል። ከዚያ ይህን 540 ቮልት በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ለሞተሩ ይልካል። አብዛኞቹ ድራይቮች በሰከንድ ከ2,000 እስከ 16,000 ጊዜ ይቆርጣሉ።

ዋናው ነገር የቁረጣው ብዛት ብቻ አይደለም፣ ድንገተኛነቱም ነው። በር ቀስ ብላችሁ ብትዘጉት ማንም አይሰማም። ብታላትሙት ግን ጎረቤት ግድግዳው ላይ የሰቀለው ፎቶ ይነቃነቃል። ያው በር ነው፣ የተለየው ፍጥነቱ ነው። ድራይቩ 540 ቮልቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ቁረጣ የተላተመ በር ናት። በዝግታ ለሚዞር ሞተር የተላከ ኤሌክትሪክ እስከ ሬዲዮ ሞገድ ድረስ የሚዘልቅ ረብሻ አስከትሎ ይሄዳል።

ሽቦዎቹ ሳይነካኩ ረብሻው እንዴት ይሻገራል?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የሩዝ ማሸጊያው ሙሉ ታሪክ ያለው እዚህ ነው።

ክብደቱን የሚለካው ከሚዛኑ ጠረጴዛ ሥር ያለው ሎድ ሴል የሚባል ብረት ነው። ሲጫነው በጣም በትንሹ ይታጠፋል፣ ያንን መታጠፍም ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። 100 ኪሎ ሙሉ ሲጫንበት የሚሰጠው 20 ሚሊቮልት ነው። ለ1 ኪሎ 0.2 ሚሊቮልት ይደርሰዋል። ለ100 ግራም 0.02 ሚሊቮልት ብቻ። ይህን በምታደርሰው የሎድ ሴሉ ሽቦ አጠገብ ደግሞ 540 ቮልት እየተላተመ ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ25 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ከዚያ ጩኸት በሚሊዮን የሚካፈል ቁራሽ ብትሻገር እንኳን ሚዛኑ ኪሎዎች የተጨመሩ ሊመስለው ይችላል።

ትሻገራለች ደግሞ። ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ለረጅም ርቀት ሲተኙ በመካከላቸው የማይታይ ድልድይ ይፈጠራል። ማገጃው ፕላስቲክ ዘገምተኛውን የ50 ኸርትዝ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስቆማል። እየፈጠነ ለሚመጣው ግን እየሳሳ ይሄዳል።

ሁለተኛው መሻገሪያ ይበልጥ ይደንቃል። ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ወደ ወጣበት ይመለሳል። ድራይቩ ለሞተሩ ከላከው ፈጣን ረብሻ የተወሰነው ከሞተሩ የሽቦ ጥቅል ወደ ሞተሩ ብረት ያፈተልካል። ከዚያ ወደ ድራይቩ መመለሻ ይፈልጋል። የክረምት ጎርፍ እንደማለት ነው። ቦይ ከቀደዳችሁለት በቦዩ ይሄዳል። ካልቀደዳችሁለት በጓዳችሁ ያልፋል። በሩዝ ማሸጊያው ቦይ አልተቀደደለትም። ጎርፉም በማሽኑ አካል፣ በሚዛኑ ጠረጴዛ፣ በሎድ ሴሉ ሽቦ አድርጎ ወደ ፓኔሉ ይመለስ ነበር።

"አርዝ አለው እኮ" አሉኝ ባለቤቱ። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ በትክክል ታስሯል። ሰውን ከአደጋ ለመጠበቅ ያ ግዴታ ነው፣ ማንም እንዳይነካው። ለፈጣኑ ረብሻ ግን እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ምክንያቱን በጋሪ እናስበው። እህል የተጫነ ጋሪ ቀስ ብላችሁ ብትገፉት ይሄዳል። በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ላወዛውዘው ብትሉ ግን አይነቃነቅላችሁም። ሽቦም እንዲሁ ነው። የ1 ሜትር ሽቦ ለ50 ኸርትዝ ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል መሰናክል የለውም። ለ10 ሜጋኸርትዝ ረብሻ ግን ወደ 60 ኦም የሚጠጋ መሰናክል ይሆናል። ለዚህ ነው በኢኤምሲ ሥራ አጭርና ሰፊ ግንኙነት ከረጅምና ቀጭን ሽቦ የሚመረጠው።

የሲኢ ምልክት ምን ይላል?

ሲኢ የአውሮፓ ገበያ ምልክት ነው። አምራቹ "ይህ ዕቃ የሚመለከቱትን የአውሮፓ ኅብረት ሕጎች ያሟላል" ብሎ የሚገልጽበት ነው። ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ።

ለኢኤምሲ ሲሆን መግለጫውን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ነው። ሦስተኛ ወገን እንዲመረምርለት ማድረግ ይችላል፣ ግን ሕጉ አያስገድደውም። በተጨማሪም ምልክቱ ብቻውን የትኛውን ሕግ እንደሚመለከት አይናገርም። ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ማሽን ደህንነት ሊሆን ይችላል፣ ስለ ኢኤምሲም ሊሆን ይችላል። ያንን የሚናገረው የተስማሚነት መግለጫ የሚባለው ወረቀት ነው። በየትኞቹ ስታንዳርዶች እንደተፈተሸ ተዘርዝሮ የሚገኘው እሱ ላይ ነው። ሻጩን ይህን ወረቀት ጠይቁት። ምልክቱን ማየት የዕቃውን መታወቂያ ሽፋን እንደማየት ነው፤ ውስጡን ግልጡት።

ከስታንዳርዶቹ መካከል ሁለቱን ቁጥራቸውን መያዝ ይጠቅማል። ሁለቱም አይኢሲ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ስታንዳርድ አውጪ ድርጅት ናቸው። አይኢሲ 61000-6-2 በኢንዱስትሪ አካባቢ ላለ መቋቋም ነው። አይኢሲ 61000-6-4 በኢንዱስትሪ አካባቢ ላለ ልቀት ነው። የመቋቋሙ ፈተና ቀላል አይደለም። ለምሳሌ በኃይል መስመሩ ላይ የ2,000 ቮልት ፈጣን ምት ይለቁበታል። በሲግናል መስመር ላይ ደግሞ 1,000 ቮልት። ዕቃው በሚረበሽበት ሰዓት ሥራውን ሳያቋርጥ ከቀጠለ ደረጃው ኤ ነው። ለጊዜው ተሳስቶ ራሱን ካስተካከለ ቢ። ሰው ገብቶ ካስነሳው ሲ። ስለዚህ "አልፏል" ሲባል በየትኛው ደረጃ እንዳለፈ መጠየቅ ያስፈልጋል። በደረጃ ቢ ያለፈ ሚዛን ምቱ ባረፈበት ቅጽበት የተሳሳተ ቁጥር ማሳየት ይፈቀድለታል።

ታዲያ ሁሉም ካለፉ ድምሩ ለምን ይወድቃል?

እያንዳንዱ ዕቃ የተፈተሸው ብቻውን፣ አምራቹ በጻፈው ሁኔታ ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ሁኔታው ይቀየራል።

የሲግናል ሽቦውን እንይ። በአይኢሲ 61000-6-2 የፈጣን ምት ፈተናው የሚመለከተው ሽቦው ከ3 ሜትር ሊበልጥ የሚችለውን የሲግናል መግቢያ ነው። አምራቹ "ሽቦው ከ3 ሜትር አይበልጥም" ብሎ ከጻፈ ያ መግቢያ በዚህ ምት ሳይፈተሽ ሊያልፍ ይችላል፣ ያውም በሕጋዊ መንገድ። በሩዝ ማሸጊያው የሎድ ሴሉን ሽቦ በሜትር ስለካው 12 ሜትር ሆነ። የሚዛኑን ማሳያ መመሪያ ገልጬ ሳይ ከፍተኛው ርዝመት 3 ሜትር ይላል። ማንም አላታለላቸውም። ማንም ግን አላነበበውም ነበር።

ድራይቩም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የልቀት ደረጃ የሚሠራው በብረት መከለያ የተጠቀለለ የሞተር ኬብል ከተጠቀማችሁ፣ ርዝመቱም ከተባለው ካልበለጠ፣ ረብሻውን አጣርቶ የሚያስቀረው የተባለው ፊልተርም ካለ ነው። እዚያ ያገኘሁት ግን ከገበያ የተገዛ ተራ ባለ አራት ሽቦ ኬብል ነበር። መከለያ የለውም።

ፊልተር ገዝተዋል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ግን ወደ ፊልተሩ የሚገባውና ከፊልተሩ የሚወጣው ሽቦ አንድ ላይ ተጠርዞ በአንድ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አልፏል። ረብሻው ፊልተሩን በጎን ይዘለዋል። በሩን ቆልፎ መስኮቱን ከፍቶ እንደማደር ነው። ፊልተሩ የተጠመደውም በቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነው። ቀለም ማገጃ ስለሆነ ፊልተሩ ረብሻውን የሚጥልበት ቦታ አልነበረውም።

መደመርም አለ። አንድ ድራይቭ ልክ ወሰኑ ላይ ቢለቅ አልፏል ይባላል። እንደሱ ያሉ አሥር ድራይቮች በአንድ ፓኔል ውስጥ ቢሰበሰቡ የረብሻው ኃይል በአማካይ አሥር እጥፍ፣ ማለትም 10 ዴሲቤል ይጨምራል። በሠርጉ ድንኳን ያለው እያንዳንዱ እንግዳ በልኩ ነው የሚያወራው። ድንኳኑ ግን ይጮሃል።

ቦታው ለውጥ ያመጣል?

በጣም። የልቀት ወሰን ሁለት ክፍል አለው። ክፍል ኤ ለኢንዱስትሪ አካባቢ፣ ክፍል ቢ ለመኖሪያ አካባቢ ነው። ክፍል ቢ ጠበቅ ይላል። በአየር በሚወጣው ልቀት ልዩነታቸው 10 ዴሲቤል ነው፣ በኃይል ሲታሰብ አሥር እጥፍ።

የድራይቮች ስታንዳርድ የሆነው አይኢሲ 61800-3 ይህንኑ ከሲ1 እስከ ሲ4 በሚሉ አራት ምድቦች ይገልጸዋል። ሲ1 ለመኖሪያ አካባቢ ነው። ሲ2 እዚያው አካባቢ ሊገጠም ይችላል፣ ግን የሚገጥመው ባለሙያ መሆን አለበት። ሲ3 ለኢንዱስትሪ አካባቢ ብቻ ነው። ሲ4 በጣም ለትላልቅና ለውስብስብ ሥርዓቶች ነው። አካባቢውን የሚወስነው የሰፈሩ ስም ሳይሆን ትራንስፎርመሩ ነው። ከመኖሪያ ቤቶች ጋር በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ከሆናችሁ በመኖሪያ አካባቢ ናችሁ ማለት ነው። የራሳችሁ ትራንስፎርመር ካላችሁ ሌላ ነው።

በከተማችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ፋብሪካና ሽምብጥ ወይም ቀበሌ 14 መኖሪያ መሃል ያለ ወፍጮ ቤት አንድ ዓይነት ድራይቭ ሊገዙ ይችላሉ። ለወፍጮ ቤቱ ግን ሲ3 የተጻፈበት ድራይቭ ትክክለኛ አይደለም። ወፍጮው ሲነሳ የጎረቤት ሬዲዮ የሚንጫጫው፣ አንዳንዴም የሰፈሩ ሰው "ወፍጮው ቴሌቪዥኔን አቃጠለብኝ" ብሎ የሚጣላው ያለምክንያት ላይሆን ይችላል። ማቃጠሉን እንጃ። መረበሹ ግን ይሆናል።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የአውሮፓ ሕግ ለዚህ ግልጽ መልስ አለው። የኢኤምሲ መመሪያው፣ በቁጥር 2014/30 የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 20 ቀን 2016 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። የአውሮፓ ኮሚሽን የኢኤምሲ ማብራሪያ ሰነድ ሲኢ ያላቸውን ዕቃዎች ማገጣጠም በራሱ ሕጉን ያሟላ ሥርዓት እንደማይሰጥ በግልጽ ጽፏል። የሰጠውም ምሳሌ የፒኤልሲና የሞተር ድራይቭ ጥምረት ነው። ልክ የሩዝ ማሸጊያው ፓኔል!

ዕቃዎችን ገጣጥሞ በራሱ ስም እንደ አንድ ማሽን የሚሸጥ ሰው በዚያ ሕግ አምራች ነው። "ድራይቩን የሠራሁት እኔ አይደለሁም" ማለት አያዋጣውም። በአንድ ቦታ ላይ ለዘለቄታው የተተከለ ትልቅ ሥርዓት ደግሞ በጥቅሉ ሲኢ አይለጠፍበትም። ግን እሱም አካባቢውን መረበሽ አይፈቀድለትም። በጥሩ የምህንድስና ልማድ መገጠም አለበት፣ ያም በሰነድ መያዝ አለበት፣ ለሰነዱም ተጠያቂ ሰው ሊኖር ይገባል።

ይህ የአውሮፓ ሕግ ነው። እኛ ጋ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሬዲዮ የሚያስተላልፉ ዕቃዎች ፈቃድ የሚያገኙትም እዚያ ነው። ሕጉን እንተወውና ወደ ኪስ እንምጣ። ሚዛኑ በአንድ ጆንያ 300 ግራም ቢሳሳት፣ በቀን 400 ጆንያ ቢታሸግ፣ በቀን 120 ኪሎ ሩዝ ማለት ነው። ወይ ባለቤቱ ይከስራሉ፣ ወይ ገዢው ይጎድልበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ፊዚክሱ አገር አይለይም።

ታዲያ ሚዛኑ እንዴት ተስተካከለ?

መጀመሪያ የያዝኩት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ነበር። ሚድየም ዌቭ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ አደረግኩት። ሬዲዮውን እንደያዝኩ ከፓኔሉ እስከ ሞተሩ በኬብሉ ላይ ተራመድኩ። ኬብሉ አጠገብ ሲሆን ይጮሃል። እጄን ወደኋላ ስስብ ይቀንሳል። የሎድ ሴሉ ሽቦ ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ተጣብቆ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ጩኸቱ ሽቦዋን ተከትሎ እስከ ሚዛኑ ድረስ ሄደ። ባለቤቱ ሬዲዮውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። ጆሯቸው ላይ አድርገው ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ከዚያ በኋላ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሬዲዮ የላብራቶሪ መለኪያን አይተካም፣ ወሰን አለፈ አላለፈም አይነግራችሁም። ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን ያሳያል።

ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። የሎድ ሴሉን ሽቦ ከሞተሩ ኬብል ለይተን በሌላኛው ግድግዳ አዞርናት። የድራይቭ መመሪያዎች የሚጠይቁት ርቀት ይለያያል። እኔ ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች አልወርድም፣ ቦታ ካለ ደግሞ ግማሽ ሜትር አደርገዋለሁ። መሻገር ግድ በሆነበት አንድ ቦታ ላይ እንደ መስቀል አቋርጠናት እንድታልፍ አደረግን። የሚዛኑን ማሳያም ወደ ሚዛኑ አቀረብነው፣ ሽቦዋ 2 ሜትር ተኩል ብቻ ሆነች። ከማሳያው እስከ ፒኤልሲው ያለውን መንገድ ጠንካራ የሆነ ዲጂታል ሲግናል እንዲሄድበት አደረግን።

የሞተሩን ኬብል መከለያ ባለው ቀየርነው። እዚህ ላይ ኤሌክትሪሺያኑ እንደለመደው የመከለያውን ሽቦ ጠምዝዞ እንደ ጅራት አርዝ ላይ ሊያስር ሲል አስቆምኩት። ያች ጅራት 10 ሳንቲ ሜትር ብትሆን እንኳን ለፈጣኑ ረብሻ እንደ ጠባብ በር ናት። መከለያው ዙሪያውን በሙሉ በብረት ማቀፊያ ተይዞ ከተላጠ ብረት ጋር መነካካት አለበት፣ በድራይቩ በኩልም በሞተሩ በኩልም። ጎርፉ የሚመለስበት ቦይ ይሄ ነው። ፊልተሩ የተቀመጠበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው፣ ብረቱ እስኪያበራ። የሚገባውንና የሚወጣውን ሽቦም በፊልተሩ በሁለት ተቃራኒ ጎን አደረግን። የፓኔሉን በርም ከፓኔሉ አካል ጋር በጠፍጣፋ የመዳብ ጥልፍ አገናኘነው።

ከሁሉም ዕቃ አዲስ የተገዛው ኬብሉ፣ ማቀፊያዎቹና ጥልፉ ብቻ ናቸው። ሚዛኑ ያው ሚዛን ነው። ማጓጓዣው ሲነሳ ቁጥሩ 50.0 ላይ ቆመ። ልጁ እጁን የማቆሚያው ቁልፍ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ አነሳው።

ከመግዛቴ በፊት ምን ልጠይቅ?

የተስማሚነት መግለጫውን፣ ስታንዳርዶቹ የተዘረዘሩበትን። ድራይቭ ከሆነ ምድቡ ሲ2 ነው ወይስ ሲ3፣ በስንት ሜትር ኬብል፣ ፊልተሩ ውስጡ አለ ወይስ ለብቻው ይገዛል? ሰንሰር ወይም ሚዛን ከሆነ የሽቦው ከፍተኛ ርዝመት ስንት ነው? የእናንተ ትራንስፎርመርስ የማን ነው? ገጣጣሚውን ደግሞ "ሲሠራ አሳየኝ" በሉት፣ ግን ሁሉም ሞተር በአንድ ላይ እየዞረ ሳለ። ብቻውን ያልተረበሸ ዕቃ ምንም አያስረዳም። ዋጋ ስትደራደሩ ይህን ፍተሻ ከመጀመሪያው ውሉ ውስጥ አስገቡት፤ በኋላ ላይ ለማስገባት መጣላት ይጠይቃል።

ከማሸጊያው ከመውጣቴ በፊት ባለቤቱ አንድ የፕላስቲክ ኪስ አመጡ፤ የፓኔሉ በር ውስጥ ለጠፍነው። በውስጡ የድራይቩ መግለጫ፣ የሚዛኑ መመሪያ የኬብል ርዝመቱ ያለበት ገጽ፣ እኔና ኤሌክትሪሺያኑ በእጃችን የሣልነው የሽቦዎቹ መንገድ አለ። የሎድ ሴሏ ሽቦ በቀይ ተሥላለች። ከጎኗ "ከሞተር ኬብል አጠገብ አታሳልፏት" ተብሎ ተጽፏል። ነገ የሚመጣው ኤሌክትሪሺያን ሌላ ሰው ይሆናል፣ አዲስ ኬብል መሳቡም አይቀርም። ያኔ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ያንን ወረቀት ነው።